የማይስማሙ ሰዎችን አንድ መድረክ ላይ ማምጣት፦ ለዲጂታል ጥበቃ ጉባኤ የፓናል ፕሮፖዛል ስናዘጋጅ

የጥናት ወረቀት ወራት ይፈጃል። የፓናል ፕሮፖዛል ግን ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው፤ በአንድ ማታ ተቀምጦ የሚያልቅ ይመስላል። ርዕስ ይመረጣል፣ የአራት ታዋቂ ሰዎች ስም ይደረደራል፣ «ባለሙያዎቹ ልምዳቸውን ያካፍላሉ» ተብሎ ይላካል። እንዲህ ያሉ ፕሮፖዛሎችን ገምጋሚ ሆኜ አንብቤአለሁ። ብዙዎቹ የሚወድቁት ርዕሳቸው የማይረባ ሆኖ አይደለም። አንብበን ስንጨርስ እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው በምን እንደሚከራከሩ ስለማይገባን ነው።

እኔም በተራዬ ፓናል አዘጋጅቼ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ከዚያ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። በቤተ መጻሕፍት፣ በአርካይቭ፣ በሙዚየም ወይም በሶፍትዌር ሥራ ላይ ሆናችሁ የጉባኤ የፕሮፖዛል ጥሪ ሲወጣ «እኔ ደግሞ ምን የሚሰማ ነገር አለኝ» ብላችሁ ካለፋችሁት ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ችግር ራሱ ጥሩ ፓናል ሊወጣው ይችላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ ማን ይቀመጣል?

በዲጂታል ጥበቃ፣ ማለትም ዲጂታል ፋይሎች ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩና እንዲነበቡ በማድረግ ዘርፍ፣ በደንብ ከሚታወቁት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች አንዱ አይፕሬስ ነው። በ2004 ቤጂንግ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአገር አገር ይዞራል። በ2019 አምስተርዳም፣ በ2022 ግላስጎ፣ በ2024 ጌንት፣ በ2025 ዌሊንግተን ነበር። ሌሎችም አሉ፤ ትንንሽም፣ በአንድ ሙያ ላይ ብቻ ያተኮሩም። ጥሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላል፦ ረጅም ጥናት፣ አጭር ጥናት፣ ፖስተር፣ ወርክሾፕ፣ ፓናል።

እንደዚህ ዓይነት ጉባኤ የሚመጣ ሰው ፋይል እንደሚጠፋ ያውቃል። ሥራው ነው። ኦኤአይኤስ የሚባለውን፣ ዲጂታል አርካይቭ እንዴት እንደሚደራጅ የሚገልጸውንና አይኤስኦ 14721 ተብሎ የጸደቀውን ሞዴል ያውቃል። ቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡ የሚረጋገጥበት፣ ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር) ምን እንደሆነ አይጠይቃችሁም። ስለዚህ የፕሮፖዛላችሁን ግማሽ ገጽ «የዲጂታል መረጃ በቀላሉ ይጠፋል» በሚል ማብራሪያ አትሙሉት። በ1986 የብሪታኒያን ሕይወት የመዘገበው የቢቢሲ የዱምስዴይ ፕሮጀክት በሌዘር ዲስክ ተቀምጦ በኋላ ማንበቢያ መሣሪያውን ማግኘት እንዳስቸገረ፣ በ2009 የግል ድረ ገጾች ማስቀመጫ የነበረው ጂኦሲቲስ እንደተዘጋ፣ ማኅበራዊ ድረ ገጹ ማይስፔስ ከ2015 በፊት የተጫኑ ሙዚቃዎች መጥፋታቸውን በ2019 እንዳመነ፤ ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ነው። ገምጋሚው እነዚህን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሲያይ «አሁንም?» ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እናንተን እንቅልፍ የነሳውን ነገር ይዞ ይምጣ።

እኛን እንቅልፍ የነሳን ነገር

እኛ ዘንድ ካሉት ስብስቦች በአንዱ ውስጥ በ1990ዎቹ የተጻፉ ሰነዶች አሉ። ስንረከባቸው ደንቡ የሚለውን ሁሉ አደረግን። ቼክሰም አወጣንላቸው። የተለያየ ቦታ ላይ ቀዳናቸው። የብሪታኒያ ብሔራዊ አርካይቭ በሚያዘጋጀው ድሮይድ በሚባለው መሣሪያ ፎርማታቸውን ለየን። ሪፖርቱ ላይ አንድም ችግር የለም። በየጊዜው ስንፈትሻቸውም ቼክሰሙ ያው ነው፤ አንድ ቢት እንኳ አልተነካም።

ከዚያ አንዱን ፋይል ከፈትነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፐርሰንት ምልክትና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ እንደዚያ። ፊርማና ቀን ያለበት ቦታ ላይ ቁጥሮቹ ብቻ ይነበባሉ።

ምክንያቱ ፎንቱ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ የኮድ ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለሌላ ጉዳይ የተያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው። አንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው ፊደሉን ቆራርጦ፣ እግሩን ለብቻ ቀለበቱን ለብቻ አድርጎ ይገጣጥመው ነበር። ሁሉም በየራሱ አደራደር ሠራ። በአንዱ ፎንት «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በድሮው ፎንት የተጻፈው ሁሉ ፎንቱ ከሌለ አይነበብም። ይህ የግዕዝ ብቻ ችግር አይደለም። ሕንድኛ በክሩቲ ዴቭ፣ በርምኛ በዛውጂ፣ ታሚልም በተለያዩ ፎንቶች ተመሳሳይ መንገድ አልፈዋል። ማያንማር ከዛውጂ ወደ ዩኒኮድ በይፋ የተሻገረችው በ2019 ነው።

«ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አትገላገሉም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ፎንቱ ያለው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ካደረጋችሁት በርግጥ ያምራል፤ ፊደሉ በትክክል ይታያል። ግን አንድ መስመር መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና ሌላ ቦታ ለጥፉት። ያው ቅንፍና ፐርሰንት ነው የሚወጣው። ፍለጋም አይሠራም። ለረጅም ጊዜ ማቆያ ተብሎ በ2005 የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ ራሱ «ቢ» በሚባለው ደረጃው የሚያረጋግጠው ገጹ ሳይለወጥ እንዲታይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ እንዲመለስ አያስገድድም። ስለዚህ ማረጋገጫ መሣሪያው «ትክክል ነው» ያለው ፋይል ውስጥ አንድም ቃል ፈልጎ ማግኘት ላይቻል ይችላል።

እዚህ ድረስ ያለው ችግር ብቻ ነው። ችግር ብቻውን ፓናል አይሆንም፤ ጥናት ወረቀት ወይም ፖስተር ይሆናል። ፓናል የሆነው ሁለት የማከብራቸው የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ጉዳይ ሲሟገቱ ስሰማ ነው። አንዷ «ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ እንቀይርና ሰው ያንብብ፤ የማይነበብ ነገር አስቀምጠን ጠበቅን ማለት አንችልም» ትላለች። ሌላው «መቀየሪያው በገመተበት ቦታ ሁሉ ታሪክ እየጻፍን ነው፤ ዋናውን ከነፎንቱ እንጠብቅ፣ የድሮውን ኮምፒውተር በኢሙሌሽን፣ ማለትም በዛሬው ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር አስመስለን፣ እናስነሳ» ይላል። ሁለቱም ለሥራው የተቆረቆሩ ናቸው። ሁለቱንም ለማድረግ ደግሞ በቂ ሰው የለም።

የእኔ መመዘኛ ይኸው ነው። ጥያቄያችሁን ለሁለት የምታከብሯቸው ሰዎች ለየብቻ አንሱላቸው። መልሳቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ፓናል አይወጣውም። ከተለያየ፣ ሁለቱም በቂ ምክንያት ካላቸው፣ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ርዕስ ከጥያቄ የሚለየውን ለማሳየት ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስና ዲጂታል ጥበቃ» ርዕስ ነው። «ማሽን የጻፈው የፎቶ መግለጫ ሰው ሳያየው ካታሎግ ውስጥ ይግባ?» ጥያቄ ነው። «የዌብ አርካይቭ ፈተናዎች» ርዕስ ነው። «ባለቤቱ ያጠፋውን የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ አርካይቩ የማቆየት መብት አለው?» ሲባል ግን ሰው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። «አካባቢን የማይጎዳ ጥበቃ» ከማለት «ሁሉንም ፋይል በየዓመቱ መፈተሽ ከሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል አንጻር ተገቢ ነው ወይ?» ብትሉ ይሻላል።

ዘርፉ ራሱ ያደገው በግልጽ ክርክር ነው። በ1999 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጄፍ ሮተንበርግ ኢሙሌሽን ዋናው መፍትሔ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ የአርካይቭ ባለሙያው ዴቪድ ቤርማን በዚያው ዓመት ተነስቶ ተቃወመው። ዛሬ ኢሙሌሽንም፣ ፋይልን ወደ አዲስ ፎርማት መቀየርም ሥራ ላይ አሉ። የት የትኛው እንደሚሻል የምናውቀው ሰዎች ፊት ለፊት ስለተሟገቱ ነው።

ሰዎቹ

አራት አርካይቪስት ደርድሮ ክርክር መጠበቅ ይከብዳል። የሥልጠናቸው መነሻ አንድ ነው፤ ቃላቸው አንድ ነው። እኔ ሰው ስፈልግ ራሴን የጠየቅሁት «ይህ ችግር ማንን ይነካል?» ብዬ ነው። ፋይሉን የሚጠብቀው ሰው አለ። መቀየሪያ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ። ሰነዱን ለሥራው የሚፈልግ የታሪክ ተመራማሪ አለ። አራተኛው እንዲህ ባሉ መድረኮች ብዙም የማይጠራው ነው፦ ፎንቱን የሠራው ሰው።

ከነዚያ ፎንት ሠሪዎች አንዱን አፈላልጌ ደወልኩላቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሥራውንም ከተዉት ቆይተዋል። «ልጄ፣ ያንን ፎንት እኮ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም» አሉኝ።

«የደወልኩልዎትም ለዚሁ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ለመዝጋት የፈለገ አልነበረም። የትኛውን ፊደል ለምን የትኛው ቁጥር ላይ እንዳስቀመጡት አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንዳንዱን ጣት በኪቦርዱ ላይ እንዲቀለው። አንዳንዱን ደግሞ የዘመኑ ፕሮግራሞች የተወሰኑ ቁጥሮችን ለራሳቸው ትእዛዝ ስለሚወስዷቸው፣ ከዚያ ለማሸሽ። በመካከል አንድ እትም ላይ ሁለት ፊደሎችን እንዳቀያየሩም ነገሩኝ። ይህ ለቀያሪው ሁሉ ነገር ነው፤ እትሙን ያላወቀ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰነድ ሁሉ አዛብቶ ይቀይራል። የትም አልተጻፈም፤ እርሳቸው ራስ ውስጥ ብቻ ነበር።

አቋማቸውም ሁለቱ ባልደረቦቼ ካሉት የተለየ ሆነ። «ሠንጠረዡን እሰጣችኋለሁ። ግን ሰው ጽሑፉን ብቻ አይደለም ማየት ያለበት። የፊደሉ ቅርጽ የእጄ ሥራ ነው፤ እርሱም ይጠበቅ» አሉ። ይህን ስሰማ ፓናሉ ሙሉ ሆነ። የታሪክ ተመራማሪዋ በበኩሏ ፍለጋ ይሠራልኝ፣ ግን ማሽኑ የገመተበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት አለች። የሶፍትዌር ባለሙያው ደግሞ ሁሉንም አቋም የሚፈትን ነገር አነሳ፦ በወርድ ሰነድ ውስጥ የፎንቱ ስም ከጽሑፉ ጋር ተቀምጦ ይገኛል፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ግን በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገር ምንም ምልክት የለውም።

የሰው ስም ፕሮፖዛሉ ላይ ከመስፈሩ በፊት ፈቃዱ በጽሑፍ ይኑራችሁ። በቃል «እሺ እንተያያለን» ያለ ሰው በኋላ ሲቀር ፓናሉ ያነክሳል። ስትጠይቁም የሚያስፈራውን ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ። በብዙ ጉባኤ ተናጋሪ መሆን ከመመዝገቢያ ክፍያ ነፃ አያወጣም። መሥሪያ ቤት የሌለው ሰው፣ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ይህን ከኪሱ መክፈል አይችልም። የጉባኤው አዘጋጆች የድጋፍ ፈንድ እንዳላቸው፣ በኦንላይን መሳተፍ እንደሚፈቅዱ በኢሜይል ጠይቁ። ይመልሳሉ። እኔ ጠይቄ ፎንት ሠሪው በቪዲዮ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ይህንንም ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፍኩት። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ካለም የውጤቱ ቀንና የጉባኤው ቀን መካከል ያለው ጊዜ ይበቃ እንደሆነ አስሉት።

ሌላው፣ ሰው ስለ መሥሪያ ቤቱ ችግር በአደባባይ መናገር ሁልጊዜ አይፈቀድለትም። እኛ ከተናጋሪዎቹ ጋር ቀድመን ተስማማን፦ የተቋም ስም ሳይጠራ ችግሩ ይነገራል፣ የሚቀረጸው የትኛው ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ባይኖር ሁሉም ሰው «እኛ ጋ ጥሩ ነው» እያለ ይወርድ ነበር።

አወያይ ስትመርጡ ከሁሉ ይልቅ አቋም ያለውን ሰው አታድርጉ። እኔ በጉዳዩ ላይ የራሴ አመለካከት ስላለኝ አወያይነቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ያቺ ሴት ከዘርፉ ትንሽ ወጣ ያለች ናት፤ ሰው ሲያወራ ማቋረጥም ታውቅበታለች። ሁለተኛው ችሎታ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሁለቱ ገጾች

ጥሪውን እስኪሰለቻችሁ አንብቡ። የቃላት ገደቡ፣ ቅጹ፣ የመገምገሚያ ነጥቦቹ እዚያው ናቸው። ለጥናት ወረቀት የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ የሚገመገምባቸው ጉባኤዎች አሉ፤ በፓናል ግን ማን ይናገራል የሚለው የፕሮፖዛሉ አካል ስለሆነ ስም አብዛኛውን ጊዜ ይታያል።

የእኛ የመጀመሪያ አንቀጽ ፋይሉን ነበር የሚገልጸው። ቼክሰሙ ትክክል፣ ፎርማቱ የታወቀ፣ ጽሑፉ የማይነበብ። ሁለተኛው ላይ ጥያቄው ብቻ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የሥራ ማዕረጉን ሳይሆን አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን። «እርሷ ዋናው ፋይል ቢጠበቅም ለአንባቢ መቅረብ ያለበት የተቀየረው ነው ትላለች። እርሱ ቅየራው የተረጋገጠ ካልሆነ ለአንባቢ መስጠት ያሳስታል ይላል።» ገምጋሚው እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሲያነብ ክርክሩን እዚያው መስማት ይጀምራል። የሕይወት ታሪክ በጣም አሳጥሩት። የተናጋሪው ሽልማትና ዲግሪ ለጥያቄው ምንም አይጨምርም።

ቀጥሎ የሰዓት ድልድል። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ሰዓት ተሰጥቷችኋል እንበል። አራት ተናጋሪ አሥር አሥር ደቂቃ ቢናገር 40 ደቂቃ ሄደ። ሰው እስኪቀመጥና አወያይ እስኪያስተዋውቅ 5 ደቂቃ። አንዱ ተናጋሪ ማለፉ አይቀርም፤ ሌላ 5። የቀረው 10 ደቂቃ ነው፤ ይህ ፓናል ሳይሆን አራት አጫጭር ገለጻ ነው። ልምድ ያለው ገምጋሚ ይህን ሂሳብ በራሱ ይሠራል። እኛ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ሰጠን፤ ስላይድ የለም። ከዚያ 20 ደቂቃ እርስ በርስ፣ 20 ደቂቃ ከታዳሚው ጋር። ይህንን ደቂቃ በደቂቃ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስገባነው።

ታዳሚው ምን ያደርጋል የሚለውም መልስ ይፈልጋል። «ጥያቄና መልስ ይኖራል» ማለት በቂ አይደለም። እኛ መጀመሪያ ላይ ሁለቱን አማራጮች ለታዳሚው አቅርበን እጅ እናስወጣለን፣ መጨረሻ ላይ ደግመን እንጠይቃለን ብለን ጻፍን።

ጉባኤው የሚቀበለው ቋንቋ አፋችሁን የፈታችሁበት ካልሆነ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዘርፉ ውጭ የሆነ ሰው ያንብበውና ጥያቄው ምን እንደሆነ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። መናገር ካልቻለ ቋንቋውን ሳይሆን ጥያቄውን መልሳችሁ እዩት።

የገምጋሚው ጥያቄ

ፕሮፖዛላችን ተቀባይነት ሲያገኝ ከአስተያየት ጋር ነበር። አንዱ ገምጋሚ «ይህ ዩኒኮድ ሲመጣ የተፈታ ችግር አይደለም ወይ?» ሲል ጠይቋል። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲመጣ ሰው ደሙ ይፈላል። እኔ ግን ወደድኩት። አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው ግማሹ የሚያስበው ይህንን ነው። መልሳችን ላይ ዩኒኮድ ከዚያ በኋላ ለሚጻፈው መንገድ እንደከፈተ፣ የተጻፈውን ግን ማንም መልሶ እንዳልቀየረው አስረዳን። ጥያቄውን ደግሞ እንዳለ ወስደን የአወያይዋ የመጀመሪያ ጥያቄ አደረግነው።

ውድቅ ቢደረግም አስተያየቱ ይሠራል። ብዙ ጊዜ «በጣም ሰፊ ነው» ይላሉ። ያኔ ጥያቄውን አጥብቡት፤ ወይም ለሌላ ዓይነት አቀራረብ፣ ለምሳሌ ለወርክሾፕ፣ ይሻል እንደሆነ እዩት። የገምጋሚውን ቃል ወደጎን ትታችሁ ያንኑ ፕሮፖዛል ለሌላ ጉባኤ አትላኩ። ዘርፉ ጠባብ ነው፤ ያው ገምጋሚ እዚያም ሊያገኛችሁ ይችላል።

መድረኩ

ከጉባኤው በፊት ሁላችንም በቪዲዮ ተገናኘን። ክርክሩን አልተለማመድነውም። የተለማመዱት ክርክር መድረክ ላይ ሲደገም ሕይወት የለውም። ያደረግነው የመጀመሪያውን ጥያቄ መወሰን፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር መስማማት፣ የቪዲዮ መስመሩን መፈተሽ ብቻ ነው። በቪዲዮ የሚገባ ሰው ካለ ከአዳራሹ ቴክኒሻን ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ መሰማቱን አረጋግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ተናጋሪው ታዳሚውን መስማት መቻሉ ነው።

ስላይድ የለም ብንልም አንድ ነገር ብቻ ስክሪን ላይ አሳየን። ከአንድ ደብዳቤ የተወሰደ አንድ መስመር ነው፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈ። ከላይ ፎንት ሳይኖር እንደሚታየው፣ የምልክት ክምር። ከሥሩ በፎንቱ የመጀመሪያ እትም ሠንጠረዥ የተቀየረው። ከዚያ በታች በተሻሻለው እትም ሠንጠረዥ የተቀየረው። ሁለቱም ንባቦች ትርጉም ይሰጣሉ፤ ግን በአንዱ ውስጥ የሰው ስም ሌላ ስም ሆኗል። ተመራማሪዋ «እኔ እኮ ይህንን ስም ይዤ ነው አርካይቭ የምፈልገው» አለች። ፎንት ሠሪው ከቪዲዮው «ሁለተኛው ነው ትክክሉ፤ ያን ጊዜ ቀይሬው ነበር» አሉ። የሶፍትዌር ባለሙያው ወዲያው እትሙን ከፋይሉ ውስጥ በምን ማወቅ እንደሚቻል ጠየቃቸው፤ ሁለቱ ታዳሚውን ረስተው ይነጋገሩ ጀመር። አወያይዋ ለትንሽ ጊዜ ተወቻቸው። ትክክል አድርጋለች። ከዚያ በኋላ ከአዳራሹ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ነበሩ።

መጨረሻ ላይ እጅ ስናስወጣ አቋሙን የቀየረ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ በሁለቱም አቅጣጫ።

የፓናሉ መዝገብ

በጥበቃ ጉባኤ ላይ የተካሄደ ፓናል ራሱ ሳይጠበቅ ሲቀር ያሳዝነኛል። የጥናት ወረቀቶች በጉባኤው መድበል ይታተማሉ። ከፓናል ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አንድ አንቀጽ መግለጫ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ውጤቱ የት እንደሚቀመጥ ጻፉ፤ ገምጋሚዎችም ይወዱታል። በ2013 የተጀመረው፣ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት የሚተዳደረው የምርምር ሰነዶች ማከማቻ ዜኖዶ በነፃ ያስቀምጣል፤ ቋሚ መለያ ቁጥርም ይሰጣል። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ከተናጋሪዎቹ ውጭ አስቀድማችሁ መድቡ። ተናጋሪዎቹ ማስታወሻውን አይተው ካጸደቁት በኋላ ይውጣ፤ ከአዳራሹ የተናገሩ ሰዎች ስም አይግባበት።

እኛ ከማስታወሻው ጋር የፎንቱን የፊደል ሠንጠረዥ አስቀመጥን፤ በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ)፣ ለእያንዳንዱ እትም ለብቻው። ፎንት ሠሪው ማንም እንዲጠቀምበት በጽሑፍ ፈቀዱ፤ ስማቸው እንዲጠቀስ ብቻ ነው የጠየቁት። ፎንቱን ራሱን ግን እስካሁን አላስቀመጥነውም። የተሸጠው በሌላ ድርጅት በኩል ነው፤ ድርጅቱ ተዘግቷል፤ መብቱ ዛሬ የማን እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ውል አላገኘንም። ባለመብቱ የማይታወቅ ፎንት ያለፈቃድ አርካይቭ ውስጥ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ በሚለው ላይ ደግሞ አራቱም ተናጋሪዎች አይስማሙም። ለሚቀጥለው ጥሪ ይህንኑ ለማቅረብ ጀምረናል፤ አሁን የምንፈልገው የቅጂ መብት የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ነው።